መስመሩ የማን ነው? የዩኤስቢና የኤተርኔት ሞደም ምርጫ

እኛ ቤት መጀመሪያ የገባው ኢንተርኔት የታላቅ ወንድሜ እንጂ የቤቱ አልነበረም። ዶንግል የምንላትን በሲም የምትሠራ የዩኤስቢ ሞደም የገዛው አባቴ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያውንም የሚሸፍነው እሱ ነበር። ሆኖም ያቺ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ሞደም የምትሰካው በወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ኔትወርኩ ስለሚደክም ወንድሜ ሦስት ሜትር የዩኤስቢ መቀጠያ ገዝቶ ዶንግሏን ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር በፕላስተር አሰራት። መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ ቀጥ ብላ ስትበራ ቤተሰቡ ሁሉ «ያዘ!» ይላል። እህቴ የትምህርት ማመልከቻ መሙላት ስትፈልግ በሩ ላይ ቆማ «ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ዛሬ ብቻ ቶሎ አታጥፋው» ትለዋለች። እሱ ሲወጣ ክፍሉን ይቆልፋል። ክፍሉ ተቆለፈ ማለት የቤቱ ኢንተርኔት ተቆለፈ ማለት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቤት ስልካችን ላይ ብሮድባንድ ገባ። ቴክኒሻኑ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ ሳጥን አስቀመጠ፤ ከግድግዳው የስልክ ሽቦ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ደግሞ ቢጫ ገመድ ወደ ኮምፒውተር። የገመዱን ጫፍ ሲሰካው «ጠቅ» ያለችው ድምፅ እስከ ዛሬ ትዝ ትለኛለች። ፍጥነቱ ከዶንግሉ ያን ያህል አይበልጥም ነበር። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ማንንም አላስፈቀደም። የተለወጠው የመስመሩ ባለቤት ነው። በዩኤስቢና በኤተርኔት ሞደም መካከል ለመምረጥ ለተቸገረ ሰው የምነግረው ዋናው ነገርም ይኸው ነው።

ሰው ሞደም ሊገዛ ሲነሣ መጀመሪያ «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ይጠይቃል። ሞደም ግን ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ በዚያ በኩል ከስልክ ሽቦ፣ ከፋይበር ወይም ከሞባይል ማማ ጋር ይነጋገራል። ሁለተኛው ፊቱ ወደ ቤት ነው፤ በዚህ በኩል ያመጣውን ለኮምፒውተር ያስረክባል። ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚወስነው የውጭው ፊት ነው። ዩኤስቢና ኤተርኔት የርክክቡ ጉዳይ ናቸው።

የስልክ መስመርን እንውሰድ። ስንነጋገር ድምፃችን በመዳብ ሽቦው ላይ የሚይዘው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ኤዲኤስኤል የሚባለው ቴክኖሎጂ ከ26 ኪሎኸርዝ ገደማ ጀምሮ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ድረስ ያለውን ስፋት ለዳታ አዋለው። እናትዎ ስልክ እያወሩ እርስዎ ኢንተርኔት መጠቀም የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከስልኩ ጋር የምትገጠመው ፊልተር የምትባል ትንሽ ዕቃም ሥራዋ ሁለቱን መለየት ነው። ነገር ግን ከፍ ያለ ሞገድ በመዳብ ላይ ሲጓዝ ቶሎ ይደክማል። ከስልክ ማዕከሉ አንድ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቤትና አምስት ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቤት አንድ ዓይነት ሞደም ቢገዙም አንድ ዓይነት ፍጥነት አያገኙም፤ ሁለተኛው ጭራሹን መስመሩን ላያገኝ ይችላል። የሞደሙን መሰኪያ መቀየር ይህን ርቀት በአንድ ሜትር እንኳ አያሳጥረውም።

ቁጥሩም ይህንኑ ይመሰክራል። የመጀመሪያዎቹ የዩኤስቢ መሰኪያዎች በሰከንድ እስከ 12 ሜጋቢት ያስተላልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀው የኤዲኤስኤል ደረጃ ጣሪያው 8 ሜጋቢት ገደማ ስለነበር የዩኤስቢ ገመዱ ለመስመሩ በቂ ነበር። በ2003 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ 24 ሜጋቢት ሲደርስ አሮጌው ዩኤስቢ ጠበበ፤ ነገር ግን 480 ሜጋቢት የሚችለው ዩኤስቢ 2.0 በ2000 ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በስልክ መስመር ዘመን ዩኤስቢን የሚያስጠላው ፍጥነቱ አልነበረም ማለት ነው። የሚያስጠላው ጠባዩ ነው።

ሳይጠየቅ የማይናገር ልጅ

ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የታሰበው ለኪቦርድ፣ ለማውስ፣ ለፕሪንተርና ለመሳሰሉት ነው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የነበሩትን ዓይነታቸው የበዛ መሰኪያዎች በአንድ ለመተካት የተሠራ ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ዛሬም ዓለም በእሱ ይጠቀማል። የአሠራሩ መሠረት ግን ጌታና ሎሌ ነው። ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፣ የተሰካው ዕቃ ይመልሳል። ዕቃው የሚናገረው ቢኖረው እንኳ ተራው እስኪደርስና እስኪጠየቅ ይጠብቃል፤ ትልቅ ሰው ካላናገረው አፉን እንደማይከፍት ልጅ። ገመዱም ከ5 ሜትር በላይ እንዲረዝም አልታሰበም፤ ጠረጴዛ ላይ ላለ ዕቃ ይህ ይበቃል።

ማውስ በዚህ ሥርዓት ቢተዳደር ምንም አይጎዳም፤ ኮምፒውተር በሌለበት ማውስ ማን ይፈልጋል? ሞደም ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። የቤቱ በር የአንድ ኮምፒውተር ሎሌ ሆነ ማለት ነው።

የዚህን ውጤት በደንብ ያየችው እንግሊዝ ናት። ቢቲ የተባለው የቴሌኮም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ለቤቶች ብሮድባንድ ማቅረብ ሲጀምር ለደንበኞቹ ይሰጥ የነበረው አልካቴል የሠራውን የዩኤስቢ ሞደም ነው። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር። በጊዜው ብዙ የቤት ኮምፒውተሮች የኔትወርክ ካርድ አልነበራቸውም፤ ካርድ ለመግጠም የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ መፍታት ይጠይቃል። የዩኤስቢ መሰኪያ ግን በአዳዲሶቹ ላይ ሁሉ ነበር። ሞደሙም ርካሽ ነው፤ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ከሥራው ብዙውን ለኮምፒውተሩ ስለሚተው ነው። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ለሞደሙ የሚሠራበትን ፕሮግራም ከራሱ ዲስክ ያወርድለታል። በመስመሩ ላይ ዳታ የሚጓዘው 53 ባይት በሆኑ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ስለነበር፣ እነዚያን መቆራረጥና መልሶ መገጣጠምም የኮምፒውተሩ ሥራ ነበር።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሞደሙን እንዲያናግር የሚያስችለው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ሁሉ ነገር ሆነ። ድራይቨሩ ያለበት ሲዲ ከጠፋ ሞደሙ ፕላስቲክ ነው። ዊንዶውስ ሲቀየር ለአዲሱ የሚሆን ድራይቨር ካልወጣ ደህናው ሞደም ይጣላል። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች በበጎ ፈቃደኞች የተጻፈ ድራይቨር ይዘው፣ የሞደሙን ፕሮግራም ለብቻው ፈልገው ነበር የሚያስነሡት። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ይህ ችግር በእኛም አገር ዶንግል የገዛ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። የዶንግል አምራቾች ያገኙለት መፍትሔ ብልህነት ያለው ነበር፤ ዶንግሉ መጀመሪያ ሲሰካ ራሱን እንደ ሲዲ አድርጎ ያቀርባል፣ በውስጡ ያለው ድራይቨር ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሞደምነት ይለወጣል። ወንድሜ ዶንግሏን በሰካ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ የሲዲ ምልክት ብቅ የሚለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እኩያሞች

ኤተርኔት ዩኤስቢን በዕድሜ ከሃያ ዓመት በላይ ይበልጠዋል። ቦብ ሜትካፍ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ሐሳቡን በማስታወሻ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1973 ነው፤ ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆነው ሠሩት። መነሻው የአንድ ቢሮ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ ማገናኘት ስለነበር በኤተርኔት ሥርዓት ውስጥ ጌታ የለም። በመጀመሪያው አሠራር ሁሉም አንድ ገመድ ይጋሩ ነበር፤ መናገር የፈለገ ዝምታ ሲሰማ ይናገራል፤ ሁለት ሰዎች እኩል ከጀመሩ ሁለቱም ዝም ብለው፣ እያንዳንዳቸው ለየቅል ጥቂት ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ። ቡና ላይ የተቀመጡ ጎረቤታሞች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

ሞደሙ በኤተርኔት ሲገናኝ እንደ ኮምፒውተሩ ሁሉ ራሱን የቻለ መሣሪያ ይሆናል። የራሱ አድራሻ፣ የራሱ ፕሮግራም፣ የራሱ ኃይል አለው። የትኛውም ኮምፒውተር፣ ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ወይም ማክ፣ ምንም ድራይቨር ሳይጫን ያናግረዋል። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ከአንድ ፎቅ ወደ ሌላ ፎቅ፣ ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት ያለ ችግር ይደርሳል። ሞደሙ የራውተርነትን ሥራ አብሮ ከያዘ ደግሞ፣ ዛሬ አብዛኞቹ ይይዛሉ፣ አንዱን መስመር ለአሥር ሰው ያካፍላል።

ከዚህ ማካፈል ጋር አብሮ የመጣ አንድ ጥቅም አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማስበልጠው እሱን ነው። በዓለም ላይ ያሉት የቀድሞው ዓይነት የኢንተርኔት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆኑ ራውተሩ አንዱን አድራሻ ለራሱ ይዞ ለቤቱ መሣሪያዎች 192.168 ብለው የሚጀምሩ የውስጥ ቁጥሮችን ያድላል። ከውስጥ የወጣ ጥያቄ መልሱ ሲመጣ ለማን እንደሆነ ያውቃል። ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣ ግን ለማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ ያስቀረዋል። የግቢ ጥበቃ «ማንን ፈልገው ነው?» ሲል መልስ ያጣ እንግዳ በር ላይ እንደሚቀር ማለት ነው። ይህ አሠራር ለጥበቃ ተብሎ ባይፈጠርም ጠባቂ ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ብላስተር የተባለው የኮምፒውተር ትል ሲለቀቅ ይህ በተግባር ታየ። ትሉ ዊንዶውስ 2000ንና ኤክስፒን በኔትወርክ በኩል እየፈለገ፣ ሰውየው ምንም ሳይነካ ራሱ ይገባ ነበር። ስክሪኑ ላይ ኮምፒውተሩ በ60 ሰከንድ ውስጥ እንደሚዘጋ የሚያስጠነቅቅ ሳጥን ይመጣና ሰከንዶቹ መቁጠር ይጀምራሉ። መድኃኒቱ በማይክሮሶፍት ገጽ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ግን አውርዶ ሳይጨርሱ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። በዩኤስቢ ሞደም የተገናኘ ኮምፒውተር አድራሻው ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ነበር፤ የዊንዶውስ ኤክስፒ ፋየርዎልም በነባሪነት የበራው በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ከራውተር ጀርባ የነበሩት ግን በአብዛኛው ትሉን በዜና ብቻ ሰሙት። የዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች እንደዚያ የተጋለጡ አይደሉም፤ ብዙ የሞባይል ኩባንያዎችም ለዶንግል የሚሰጡት የውስጥ አድራሻ ነው። ቢሆንም ቤቴ ውስጥ በርና ኮምፒውተር አንድ ዕቃ እንዲሆኑ አልፈቅድም። የጥበቃው ሳጥን ጥበቃ እንዲሆን ግን ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል በገባበት ቀን መቀየር ግድ ነው።

መብራት ሲጠፋ

እስካሁን የጻፍሁትን ያነበበ ሰው ዩኤስቢ ምንም ፋይዳ የለውም ብሎ እንዳይደመድም። ዩኤስቢ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ እሱም በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ዶንግል ኃይሉን የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ነው፤ መደበኛው የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ 5 ቮልትና ግማሽ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ይሰጣል። ላፕቶፕ ያለው ሰው መብራት ሲሄድ ሥራውን አያቋርጥም። የኤተርኔቱ ሳጥን ግን ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት የሚኖር ስለሆነ ከአምፖሉ ጋር አብሮ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ መስመሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ሕያው ነው። የስልክ ማዕከል በ48 ቮልት ባትሪዎች ስለሚደገፍ የድሮው የቤት ስልክ በጨለማም ይጠራ ነበር። በፋይበርም ከማዕከሉ እስከ ቤትዎ በሚመጣው የተለመደ መስመር ላይ የፋይበሩን ብርሃን የሚያከፋፍለው ዕቃ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ነው። መካከል ላይ ባትሪ የሌለው የሰፈር ሳጥን ከሌለ በቀር የሞተው የእርስዎ ሞደም ብቻ ነው። አብዛኞቹ የቤት ሞደሞች የሚሠሩት በ12 ቮልት ስለሆነ ለእነሱ የሚሆን ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ የባትሪ ሳጥን ለሰዓታት ሊያቆያቸው ይችላል። ሞደሙ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አይቶ፣ የመሰኪያውን ውፍረት አመሳስሎ መግዛት ነው። ይህች ትንሽ ሳጥን ከገባች በኋላ የዶንግሉ ብልጫ በአብዛኛው ያበቃል።

በክረምት ደግሞ መብረቅ አለ። የስልክ ሽቦ ረጅም መንገድ በአየር ላይ ስለሚመጣ ነጎድጓድ ሲኖር ከፍተኛ ቮልት ይዞ ሊገባ ይችላል። የዩኤስቢ ገመድ ሞደሙንና ኮምፒውተሩን በኤሌክትሪክ አንድ ያደርጋቸዋል፤ አንዱን የመታው ሌላውን ያገኘዋል። በኤተርኔት መሰኪያ ውስጥ ግን ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ፤ ምልክቱ በመግነጢስ ይሻገራል እንጂ ሽቦ ከሽቦ አይነካካም፤ ደረጃውም 1,500 ቮልት እንዲቋቋም ያዛል። በቀጥታ የወደቀን መብረቅ ይህ አያቆመውም። ሰማዩ ሲጉረመረም የኃይል ገመዱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ሽቦ መንቀል አለብን። ብዙ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ የስልኩን ሽቦ ይረሳዋል፤ ሞደሙም በዚያ በኩል ይቃጠላል።

ዛሬ ድንበሩ እየደበዘዘ መጥቷል። የሁዋዌ ሂሊንክ ዓይነት ዶንግል በዩኤስቢ ቢሰካም ለኮምፒውተሩ ራሱን እንደ ኔትወርክ ካርድ አድርጎ ያቀርባል፤ 192.168.8.1 ብለው ሲጽፉ የራሱ ገጽ ይከፈታል። በውስጡ ትንሽ ራውተር አለ ማለት ነው። ሲም የሚገባባቸው የ4ጂ ሳጥኖች ደግሞ የዶንግልን ሥራ ከኤተርኔትና ከዋይፋይ ጋር አጣምረው ይዘዋል። አንዳንድ ራውተሮች ጀርባቸው ላይ የዩኤስቢ መሰኪያ ስላላቸው ያለዎትን ዶንግል እዚያ ሰክተው የቤቱ ሁሉ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን ራውተሩ የእርስዎን የዶንግል ሞዴል እንደሚቀበል ያረጋግጡ፤ ሁሉም ሁሉን አይቀበልም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ብቻውን የሚኖር፣ ቤት የሚቀያይር፣ ሥራው በአንድ ላፕቶፕ ላይ የሆነ ሰው ዶንግል ቢይዝ አልቃወመውም፤ ባትሪ ያላት የኪስ ዋይፋይ ግን ትሻለዋለች። ቤተሰብ ባለበት ቤት የኤተርኔት መሰኪያ የሌለው ሞደም አይግባ። ለስልክ መስመር የሚሆን የድሮ የዩኤስቢ ሞደም በነጻ ቢሰጥዎት እንኳ አይቀበሉት፤ ድራይቨሩን ፍለጋ የሚያጠፉት ቀን ከሞደሙ ዋጋ ይበልጣል። ዘመድ ከአሜሪካ ሞደም ልላክ ሲል አስቀድመው ዓይነቱን ይጠይቁ፤ እዚያ ብዙ ቤት የሚሠራው በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ላይ ስለሆነ ያ ሞደም ለስልክ ሽቦም ለፋይበርም አይሆንም። የሚሆን ቢሆን እንኳ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካልተጻፈ የእኛ 220 ያቃጥለዋል።

ገመዱንም አይናቁት። በኤተርኔት ገመድ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ለ100 ሜጋቢት 4ቱ ይበቃሉ፤ ለጊጋቢት ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ። አንዷ ከተበጠሰች ግንኙነቱ ላይቋረጥ ይችላል፤ ድምፅ ሳያሰማ ወደ 100 ይወርዳል፣ ሰውየውም አቅራቢውን ሲወቅስ ይከርማል። የጫፏ ምላስ ተሰብራ «ጠቅ» የማትል ገመድ ካለችዎት ዛሬውኑ ይቀይሯት።

ሳጥኑ ሲመጣም ሳሎን ያስቀምጡት፤ ሁሉም በሚደርስበት፣ ማንም በማይቆልፍበት ቦታ።